ቁጥር ብቻ

መዝገቡን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ብዕሩም የኔ ነው፤
"ስም ጻፍ፣ ዕቃ ጻፍ፣ ዋጋ ጻፍ" ተባልኩ፤ "የቀረውን ተው።"
የቀረው ግን አልተወኝም።

ኦስላ ናት የጀመረችው፣ ጡረታ የወጣች መምህር፣
የአደጋው ጀልባ ለሁለት ሰዎች ሳይደርስ በቀረበት ኅዳር፤
ሞተሩ አርጅቶ፣ ጠዋት ጠዋት እንደ አጫሽ እየሳለ፣
ማዕበሉ ቀድሞ ይደርሳል፣ እሱ "ቆይ፣ ልነሣ" እያለ።
"መንግሥትን ስንጠብቅ" አለች፣ "ባሕሩ አንድ በአንድ ሊበላን ነው፤
ሐራጅ እናውጣ። ያጣ የነጣም ቢሆን አንድ የሚሸጥ ዕቃ አለው።"

ስድስት ሳምንት በሼትላንድ ንፋስ በር ስታንኳኳ ከረመች፣
ሰው "ማነው?" ብሎ ሳይጨርስ ገብታ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች።
ዓሣ ነጋዴው በርሜል ሙሉ በጨው የታሸ ሄሪንግ ሰጠ፤
ሐኪሟ የሦስት ቀን ሣር አጨዳ፤ ባሏ ሰምቶ ደነገጠ።
ቄሱ ስብከቱ ከአሥር ደቂቃ የማያልፍበትን አንድ እሑድ አቀረበ፤
ኋላ ሲታይ፣ ከብዙው ዕቃ እሱ ነበር ዋጋ የሰበሰበ።
ሹራብ መጣ፤ ቆሞ የቀረ ሰዓት፤ ገና ያልተወለደ ጠቦት፤
አንድ ቁልፉ የማይጮህ አኮርዲዮን፤ የአንዲት ባልቴት የሠርግ ኮት።

ዕቃ ብቻውን ግን፣ ትላለች ኦስላ፣ ሐራጅ አያሞቅም፤
የራበው ሰው አይጫረትም፤ ጥግብ ያለም ኪሱን አይለቅም።
ሾርባውን ቀድማ አቀረበች፣ ኬኩን ለኋላ አቆየች፣
ወንበሩን በክንዷ ለካች፣ ስም እየጠራች አስቀመጠች።
ያንን ነው ያን ጊዜ ልብ ያላልኩት።

ላውሪና ማግኒ፣ ያንድ እናት ልጆች፣ ዓይንና ናጫ፣
አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ ፊት ለፊት ሆነ መቀመጫ።
ዐሥራ አንድ ዓመት ባንድ ወደብ፣ "እንዴት አደርክ" የለ፤
በግ ነው አሉ፣ አጥር ነው አሉ፤ ሰው ያልበላውን አከለ፤
እኔ እንደሚመስለኝ፣ ጠቡ ራሱ
ምክንያቱን ረሳው፣ ከነሱ ቀድሞ፣ ሳያስታውሱ።

"ዕቃ ቁጥር ሃያ ሰባት!" አለ ጊልበርት፣ በግ ሻጩ።
አንድ መቅዘፊያ ከመጋረጃው ወጣ፣ ጥቁር፣ የተላጨ ጫፉ፤
እጀታው ላይ የመዳፍ ጉድጓድ፣ ያርባ ዓመት መያዣ ቦታ።
የማን እንደሆነ አልተነገረም። የሚያውቁት አወቁ፣ በዝምታ።

"ሃያ" አለ ላውሪ፣ ጣሪያውን እያየ።
"ሠላሳ" አለ ማግኒ፣ ወለሉን እያየ።
"ሃምሳ።"
"ሰባ።"
"መቶ።"
አዳራሹ ማንኪያውን አስቀመጠ፤ ሕፃኑም ዝም አለ፣ ልቅሶውን ትቶ።

ዐሥራ አንድ ዓመት ያልተነጋገሩ ወግ ያዙ በቁጥር።
"ሦስት መቶ" ማለት ምን ማለት ነው? እኔ እንጃ፤ ነበር
በድምፁ ውስጥ "እናታችን ስትሞት የት ነበርክ?" ያለ፣
"አራት መቶ" ውስጥ ደግሞ "ደጅህ ደርሼ ተመለስኩ" ያለ፤
"አምስት መቶ" መሃሉ ላይ ስንጥቅ ብሎ ወጣ፤
ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፤ ከኔ ብዕር ጫፍ ቀለሙ መዝገቡን አጠጣ።

ጊልበርት፣ ምላሱ ከውሻው የሚፈጥን፣ መዶሻውን ይዞ ቀረ።
"አንደኛ..." አለ፤ ዋጠው። በግ ሲሸጥ እንዲህ አልነበረ።
"ሁለተኛ..." ማግኒ አፉን ከፈተ፤ ዘጋው።
ኦስላ ኩሽና በር ላይ፣ ጭልፋ ይዛ፤ እስትንፋሷን ሰማሁት፣ ስትለቀው።
"ሦስተኛ!" ለላውሪ። ዘጠኝ መቶ ሠላሳ።
ጭብጨባው ዘገየ፤ ሲመጣ ግን ጣራ ሊያነሣ።

ሌሊት ሒሳብ ስንዘጋ ሞተሩ ሞልቶ ተርፎ ነበር፤
ኦስላ ጫማዋን አውልቃ ኬክ ትበላለች፣ በፍርፋሪ ተከባ በጠረጴዛው ዳር።
"ይሄ ተንኮል ነው" አልኳት፤
"አይ፣ የወንበር አደራደር ነው" አለችኝ።

ላውሪ ግማሹን ከፍሎ፣ ቀሪውን "በወር መጨረሻ" ብሎ ሄደ።
ሰኞ ማለዳ ከበሩ ሥር አንድ ፖስታ ተወለደ፤
አራት መቶ ስድሳ አምስት፣ ብሩ ሬንጅ ሬንጅ የሚሸት።
ጀልባውን ዛሬም በሬንጅ የሚቀባ በወደቡ አንድ ሰው ነው ያለበት።
"የከፋይ ስም" የሚለውን ባዶ ተውኩት።

መቅዘፊያው? አዳራሹ ውስጥ ነው፤ ላውሪም አልመጣ፣ ማግኒም አልመጣ።
ስንጠርግ ወደ ግራ እናደርገዋለን፣ ወለሉ ሲደርቅ ወደ ቀኝ።
አንድ ቀን ማንም ሳያየኝ መዳፌን ጉድጓዱ ላይ አሳረፍኩ፤
ሰፋኝ።